ለደመራ ሰልፍ መኪና በአበባ ማስጌጥ፦ 40 ሰው፣ አንድ አይሱዙ፣ አራት ቀን (ደሴ)

የሰንበት ተማሪ ደሴ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ለመስከረም 16 ደመራ አንድ አይሱዙ በአበባ አስጊጦ ሊሰለፍ ነው። የምታውቁ ምከሩን። ካሶኔው (የጭነት ሳጥኑ) 5 ሜትር በ2 ሜትር ነው፣ ወለሉ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ይላል። መሀሉ ላይ 2 ሜትር ቁመት ያለው መስቀል ይቆማል፣ ዙሪያውን ደግሞ ከካሶኔው ወለል ወደ ታች 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀሚስ እናለብሰዋለን። በጎ ፈቃደኛው 40 ነው፣ አብዛኛው ወጣት። ሥራው መስከረም 13 ይጀመራል። አደይ ከአካባቢያችን እንለቅማለን፣ ጽጌረዳ ከአዲስ አበባ እናስመጣለን።

ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፦ አበባው ምን ያህል ይበቃል? መቼ ይቆረጥ? ሳይጠወልግ እንዴት ይዋል? ብረቱስ እንዴት ይሠራ?

አበባ አራዳ

እንኳን አብሮ አደረሰን። መጠኑን በግምት አታድርጉት፣ በካሬ ሜትር አስሉት።

ቀሚሱ ሁለቱን ጎንና ኋላውን ከያዘ 12 ሜትር ዙሪያ ነው። በ0.7 ሲባዛ 8.4 ካሬ ሜትር ይመጣል። ይህን ሁሉ በአደይ ልሸፍን ካላችሁ አይሆንም። ከ10 እስከ 12 ግንድ የታሰረ አንድ እስር አደይ የሚሸፍነው 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ካሬ ሜትር 100 እስር፣ ለ8.4 ደግሞ 840 እስር ማለት ነው። ከ8,000 በላይ ግንድ ይሆናል። ለ40 ሰው አይከብድ ይሆናል፣ ለሜዳው ግን ይከብደዋል። መደቡን በጽድና በኮባ ቅጠል አልብሱትና አደዩን 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው አንድ መቀነት ብቻ አዙሩት። 12 ሜትር በ0.2 ሲባዛ 2.4 ካሬ ሜትር፣ 240 እስር ነው። አረንጓዴ መደብ ላይ የተቀመጠ ቢጫ መቀነት ሁሉም ነገር ቢጫ ከሆነ መኪና ይልቅ ከሩቅ ይለያል።

መስቀሉ ክንዱ 1.2 ሜትር፣ የእንጨቱ ስፋት 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አንዱ ፊት 0.87 ካሬ ሜትር ነው፤ ፊትና ኋላው 1.74። የተከፈተ ጽጌረዳ ራሱ 5 ተኩል ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ለአንድ ካሬ ሜትር 330 ይገባል። ስለዚህ 580 ጽጌረዳ ያስፈልጋል። በ20 ግንድ እስር ከመጣ 29 እስር ነው፣ መንገድ ላይ ለሚሰበረው አንድ አሥረኛ ጨምሩና 32 እስር እዘዙ። የመስቀሉን ጠርዝ በጽጌረዳ አትሸፍኑ፣ ጽድ ይበቃዋል።

ብየዳ ኮምቦልቻ

በዓሉን አላህ በሰላም ያድርሳችሁ። የብረቱን ነገር እኔ ልበል።

ለመስቀሉ ምሰሶ 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ይበቃል፣ ውፍረቱ ግን ከ1.5 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ። ምሰሶውን ለብቻው ካሶኔ ላይ አትትከሉት። መጀመሪያ 1.2 በ1.2 ሜትር የሆነ ካሬ መቀመጫ ብየዱ፣ ምሰሶው ከመሀሉ ይነሣ፣ ከአራቱም ማዕዘን ወደ ምሰሶው ቁመት እኩሌታ የሚወጡ አራት ሰያፍ ደጋፊዎች ይኑሩት። መኪና ሲቆምና ሲነሣ መስቀሉን የሚጥለው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚመጣው ግፊት ነው፤ ብዙ ሰው ግን በጎን በኩል ብቻ ደግፎ ይተወዋል።

መቀመጫውን ከመኪናው ሻንሲ ጋር አትበይዱት። በዩ ቦልት እሰሩት፣ ከሥሩ የጎማ ቁራጭ አድርጉበት። የግድ መኪናው ላይ የሚበየድ ነገር ካለ በመጀመሪያ የባትሪው ገመድ ይነቀል፣ የብየዳው ማሳ (የመሬት ገመዱ) ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር፣ ነዳጅ ታንከሩ አጠገብ ብልጭታ እንዳይደርስ።

ሌላው ቁመት ነው። ወለሉ 1 ሜትር፣ መቀመጫው 40 ሳንቲ ሜትር፣ መስቀሉ 2 ሜትር፤ በድምሩ 3.4 ሜትር። ሰልፉ በሚያልፍበት መንገድ ሁሉ ቀድማችሁ ተመላለሱና ዝቅ ያለ የመብራት ሽቦ ያለበትን ቦታ መዝግቡ። ከሽቦው በታች ቢያንስ 1 ሜትር ክፍተት ካልተገኘ መስቀሉን አሳጥሩት ወይም መንገዱን ቀይሩ። ሽቦ በእንጨት የሚያነሣ ልጅ ካሶኔ ላይ ማቆም የሚባለውን ነገር ፈጽሞ አታስቡት። እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

የሰንበት ተማሪ ደሴ

ወንድማችን እግዚአብሔር ይስጥልን። መስቀሉ ላይ አበባው የሚሰካበት አረንጓዴው ስፖንጅ ምን ያህል ይሁን? ሙሉውን በስፖንጅ እንሥራው የሚል ሐሳብ አለ።

አበባ አራዳ

ሙሉውን አይሆንም፣ ክብደቱን አስቢው። አንዱ ስፖንጅ 23 በ11 በ8 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ደረቁን ምንም አይመዝንም፣ ውሃ ሲጠጣ ግን 2 ሊትር ይይዛል። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው መስቀል ሙሉ በሙሉ ስፖንጅ ቢሆን 130 ኪሎ ውሃ አናት ላይ ይሰቀላል ማለት ነው። ልቡን በኮምፔንሳቶ (በስስ የተነባበረ ጣውላ) ሠርታችሁ ውስጡ ባዶ ይሁን። ስፖንጁን በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቁትና 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ፊትና ኋላ ላይ ለጥፉ። 35 ስፖንጅ ይበቃል፣ ውሃው ወደ 70 ኪሎ ይወርዳል። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ብየዳ ኮምቦልቻ ያለውን አራቱን ደጋፊ አትዝለሉት።

ስፖንጅ ውሃ ሲጠጣ በእጅ አትጫኑት። ባልዲ ውሃ ላይ አስቀምጡትና ራሱ እስኪሰምጥ ተዉት። በኃይል ከተጫነ ውጭው ይረጥብና ልቡ ላይ አየር ይቀራል፤ ያ ቦታ ላይ የተሰካው ጽጌረዳ በ3 ሰዓት ውስጥ አንገቱን ይደፋል። ሰውም አበባውን ይወቅሳል።

ቆሞ የሚሠራ መስቀል ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ውሃው በክብደቱ ወደ ታች ይወርድና አናቱ ይደርቃል። መፍትሔው እያንዳንዱን ቁራጭ ስፖንጅ በስስ ላስቲክ ጠቅልሎ ማሰር፣ ከላዩ የዶሮ አጥር ሽቦ መወጠር፣ ከዚያ ግንዱን በላስቲኩ አልፎ መሰካት ነው። ላስቲኩ ውሃውን በየቁራጩ ይዞ ያቆየዋል። ሰልፉ ሊነሣ አንድ ሰዓት ሲቀረው አናቱንና ክንዶቹን በእጅ መርጫ አጠጡ።

ስፖንጅ ካልተገኘ ጥጥ አለ። የግንዱ ጫፍ በረጠበ ጥጥ ይጠቀለላል፣ ከላዩ ላስቲክ፣ ከላዩ ክር። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ለአንድ ቀን ይዞ ይውላል፣ ክብደቱም ከስፖንጅ እጅግ ያነሰ ነው።

የአምባሰል ልጅ

አደይን በተመለከተ። አደይ እንደ ጽጌረዳ ታጋሽ አይደለም። ግንዱ ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ከተቆረጠበት ደቂቃ ጀምሮ ውሃ ይሻል። መስከረም 15 ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይቆረጥ፣ ፀሐይ ሳይበረታ። ቀትር ላይ የተቆረጠ አደይ ግንዱ ውስጥ ውሃ ስለሌለ ባልዲ ውስጥ ቢገባም ብዙውን ጊዜ አይመለስም።

ግንዱ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በቢላ ወይም በመቀስ ይቆረጥ፣ አይነቀል። የሚመረጠው አበባው ሙሉ ለሙሉ ፈክቶ እንብርቱ ገና ቢጫ የሆነው ነው። እንብርቱ ወደ ቡናማ የሄደው ከእስሩ ላይ ቅጠሉን ያረግፋል።

ለቃሚው ባልዲ ይዞ ይሂድ። አንድ እጅ ውሃ፣ ሁለት እጅ ባዶ ይሁን። ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቆ ማምጣት ልማድ ሆኗል፤ ማዳበሪያ ውስጥ አበባው ይሞቃል፣ ይላባል፣ ቤት ሲደርስ ቅጠሉ ከራሱ ላይ ይነሣል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። አደይ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል እንጂ ከሥር የሚያቆጠቁጥ አይደለም። አንድ ሜዳ ላይ ያለውን ጠርጋችሁ ከቆረጣችሁ በሚቀጥለው መስከረም እዚያ ቦታ አደይ የለም። በየ10 እርምጃው ቢያንስ ግማሹን ተዉ፣ ወደ ብዙ ቦታ ተበታተኑ። የማሳ ድንበር ላይ ያለውን ደግሞ ባለቤቱን ሳትጠይቁ አትንኩ፤ የድንበር ሣር የከብት መኖ ነው፣ ሃያ ሰው ሲረግጠው ይጠፋል።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር

አደዩ ሲደርስ ታስሮ በላስቲክ ቢሸፈንስ? እርጥበቱን ይዞ ያድራል።

የአምባሰል ልጅ

አይሸፈን ወንድም። ላስቲክ ሥር ይላብና ሌሊቱን ይሻግታል፣ ጠዋት ቡናማ ሆኖ ታገኘዋለህ። ጨለማና ነፋሻ ክፍል ውስጥ ባልዲው ላይ እንደቆመ ይደር። ብርድ የሚለውን ለደሴ መንገር አያስፈልግም፣ የጦሳ ሌሊት ከማቀዝቀዣ አያንስም። ኮምቦልቻ ላይ የሚሠራ ቡድን ግን ሌሊቱን አንድ ጊዜ ውሃ ይቀይር፣ እዚያ ይሞቃል።

አበባ አራዳ

የውሃውን ነገር አንሥታችኋልና ልጨምር። በባልዲ ውሃ ላይ ስኳር ብቻ የሚጨምሩ አሉ። ስኳር አበባውን ይመግባል፣ ግን ባክቴሪያውንም ያባዛል፤ ባክቴሪያው የግንዱን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ለ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በረኪና አድርጉ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ በረኪናው በመጀመሪያ ውሃው ውስጥ ይሟሟ፣ ሎሚው በመጨረሻ ይግባ። በረኪናና ሎሚ ሳይቀጥኑ ከተገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የላስቲክ ባልዲ እንጂ የቆርቆሮ አትጠቀሙ። ውሃ ውስጥ የሚገባው የግንድ ክፍል ላይ አንድም ቅጠል አይቅር።

ጽጌረዳው ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው የሚመጣው። ካርቶን ውስጥ ደረቁን ይምጣ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ግን አይጫን፤ ነፋሱ ያደርቀዋል። እንደደረሰ ከሥሩ 2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር በሰያፍ ተቆርጦ ቢያንስ 4 ሰዓት ጥላ ውስጥ ውሃ ይጠጣ። የበሰለ ሙዝ ካለበት ክፍል አርቁት፣ ሙዝ ሲበስል የሚያወጣው ጋዝ ጽጌረዳን ያረጀዋል። የደሴ ብርድ እምቡጡ እንዳይከፈት ስለሚይዘው ከሰልፉ ሁለት ቀን በፊት፣ መስከረም 14 ይድረስ። ኮምቦልቻ ቢሆን አንድ ቀን ይበቃ ነበር። 15 ማታ ላይ እምቡጡ ካልተከፈተ ባልዲውን ለብ ወዳለ ክፍል አስገቡት።

ሎስ አንጀለስ ዘወሎ

እንደምን ሰነበታችሁ። እዚህ ፓሳዴና ከተማ በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ቀን የጽጌረዳ ሰልፍ ይደረጋል፤ ቀኑ እሑድ ከዋለ ወደ 2 ይዛወራል። ከ1890 ጀምሮ የቆየ ነው። ደንቡ መኪናው ላይ የሚታየው ገጽ ሁሉ በአበባ ወይም በሌላ ተፈጥሯዊ ነገር፣ በቅጠል፣ በዘር፣ በቅርፊት ይሸፈን የሚል ነው። ቀለም ቀብቶ መተው የለም። ከመላ አገሪቱ የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበራትም ጭምር፣ በዲሴምበር መጨረሻ ቀናት ተከፋፍለው ይሠራሉ። የሰልፉ መንገድ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ከነሱ መወሰድ ያለበት ቅደም ተከተሉ ነው። ደረቁ ነገር፣ ዘሩና ቅርፊቱ፣ ቀድሞ ይለጠፋል፤ ሰው ብዛት የሚያስፈልገውም እዚያ ነው። እርጥቡ አበባ በመጨረሻዎቹ ቀናት ይመጣል። ጽጌረዳው እያንዳንዱ ውሃ በያዘች ትንሽ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ይሰካል፤ ቱቦዋ የጎማ ክዳን አላት፣ ግንዱ በክዳኑ ቀዳዳ ያልፋል። ለእናንተ ከስፖንጁ ይልቅ ይቀላል፣ ክብደትም የለውም።

ፊደሉንም በዘር መጻፍ ይቻላል። ኑግ ጥቁር፣ ሰሊጥ ነጭ፣ ምስር ቀይ ይሰጣል።

የደብር አገልጋይ

ቃለ ሕይወት ያሰማልን፣ ስለ ቅደም ተከተሉ ያሉት መልካም ነው። በዘሩ ላይ ግን አልስማማም። በእኛ አገር እህል ለጌጥ አይለጠፍም። ሰሊጥና ምስር በኮላ ለጥፎ ኋላ መድፋት የሚያሳዝነው ብዙ ሰው ነው፣ በተለይ በወሎ። ሰልፉን የሚያዩት እናቶች ከጌጡ በፊት እህሉን ነው የሚያዩት።

ምትክ አለው። ለወርቃማ ቀለም የጤፍ ገለባ፣ ለቡናማ የቡና ገለባ ወይም የጽድ ቅርፊት፣ ለነጭ ታጥቦ የደረቀና የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት፣ ለጥቁር የከሰል ድቃቂ። ሁሉም ከቤትና ከወፍጮ ቤት በነጻ ይገኛል።

ደግሞ ቅዱሳት ሥዕላት የሚቀመጡ ከሆነ ከሰው እግር ከፍታ በላይ፣ በማይነቃነቅ ክፈፍ ይሁኑ። በእርጥብ ስፖንጅ አጠገብ አይሁኑ፣ ውሃው ወረቀቱን ያበላሸዋል። መኪናው በየትኛው ተራ እንደሚሰለፍ ሰበካ ጉባኤው ሳይነግራችሁ አትወስኑ፤ ካህናቱና መዘምራኑ የመኪና ጭስ እንዳይከተላቸው ርቀቱ ቀድሞ መነገር አለበት።

ሎስ አንጀለስ ዘወሎ

አባቴ ልክ ብለዋል፣ የእህሉን ሐሳብ ትቼዋለሁ። የእንቁላል ቅርፊቱ እንዲያውም ከሰሊጥ ይነጣል።

ሠዓሊ ፒያሳ

ጽሑፍ ካላችሁ አሳጥሩት፣ ሁለት ቃል ይብቃ። የእኛ ፊደል እግሩና ቅጥያው ቀጭን ስለሆነ በአበባ ሲጻፍ ይጠፋል። የፊደሉ ቁመት ከ25 ሳንቲ ሜትር፣ የመሥመሩ ውፍረት ከ5 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ። ጠ፣ ጸ፣ ጨ የመሳሰሉት ላይ መሀሉ ይደፈናል፤ እነሱን ከሌሎቹ ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡ። ፊደሉን ከፎም ቆርጣችሁ ደረቁን ነገር ጠረጴዛ ላይ ለጥፉበትና ሲደርቅ መኪናው ላይ ስቀሉት። መኪናው ላይ ቆሞ መለጠፍ ሥራውንም አበባውንም ያበላሻል።

ማጣበቂያ፦ ቪናቪል (ነጩ የእንጨት ኮላ) ርካሽ ነው፣ ግን ዝናብ ያሟሟዋል። መስከረም አጋማሽ ላይ ከሰዓት ወዲያ አንድ ዶፍ አይታጣም። ውጭ ለሚውለው ሁሉ ማስቲሽ ተጠቀሙ። ማስቲሽ ሁለቱም ገጽ ተቀብቶ 10 ደቂቃ ያህል ከጠገገ በኋላ ነው የሚገጠመው፣ እርጥቡን ከገጠማችሁት አይዝም። ደጅ ላይ ይሠራ፣ ጧፍም ሆነ ሲጋራ አጠገቡ አይድረስ። ማስቲሽ ግን ፎምን ይበላል! ፎሙ ላይ ቪናቪል ቀቡና ሲደርቅ ከላዩ የዘይት ቀለም ቫርኒሽ በስሱ አልብሱት። ቫርኒሹም ባልተሸፈነው ፎም ላይ እንዳይፈስ ተጠንቀቁ።

ሐሳብ ለማግኘት ከተቸገራችሁ ደግሞ ግሸን አለላችሁ። ተራራው ራሱ መስቀለኛ ነው፣ ታሪኩም ግማደ መስቀሉ ነው፣ በዓሏ መስከረም 21 ስለሆነ ከደመራው ጋር ይያያዛል። የካሶኔው ወለል ላይ በሽቦና በጆንያ አምባ ሠርታችሁ ገደሉን በጽድ ቅርፊት፣ አናቱን በቄጤማ ብታለብሱት መስቀሉ ከአምባው ላይ የበቀለ ይመስላል፣ የብረቱንም መቀመጫ ይሸፍንላችኋል።

ሾፌር ሸዋ በር

ግሸንን ካነሣችሁ አይቀር፣ መኪናውን አሁኑኑ ተዋዋሉ። ከመስከረም 15 ጀምሮ አይሱዙ ሁሉ ወደ ግሸን ተሳላሚ ለመጫን ይፈለጋል። በቃል ብቻ የተያዘ መኪና 14 ላይ «ሌላ ሥራ አገኘሁ» ይላችኋል። ቀብድ ክፈሉ፣ ቀኖቹ በጽሑፍ ይሁኑ።

አሁን ወደ መኪናው። ከፊት ያለውን የራዲያተር መክፈቻ በአበባ አትሸፍኑት። ሁልጊዜ የሚደረግ ስሕተት ነው፣ ፊቱ ያምራል ብለው ያለብሱታል፤ መኪናው በእግረኛ ፍጥነት ሲሄድ ነፋስ ስለማያገኝ ሙቀቱ ይወጣና ሰልፉ መሀል ላይ ይቆማል። የደሴ ዳገት ላይ ደግሞ ይባስ። ከፊት ጌጥ ከተፈለገ ከመብራቶቹ በላይ፣ ከመስታወቱ በታች አንድ ረድፍ ይብቃ።

የሾፌሩ መስታወትና ሁለቱ ስፖኪዮ ክፍት ይሁኑ። ቀሚሱ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ጎማው ጋ ደግሞ ተቆርጦ ክፍተት ይሰጠው፤ መሪ ሲጠመዘዝ ጎማው ኮባውን ይይዝና ቀሚሱን ሙሉውን ይጎትተዋል። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) የሚወጣበትን ጎን ፈልጉና ግማሽ ሜትር ዙሪያውን ደረቅ ነገር አታስጠጉ። ገለባና ጽድ በፍጥነት ነው የሚቀጣጠሉት።

አነዳዱ አንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ተለቆ ነው። ግማሽ እየረገጡ መሳብ ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል። ሰልፉ ሲቆም ማርሹ ይውጣ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ዳገት ላይ ከሆነ ከጎማው ኋላ ታኮ (የጎማ ማገጃ) ይግባ። ታኮ የያዘ አንድ ሰው ከኋላ ይመደብ፣ ሌላ ሥራ አይሰጠው። በአራቱ ማዕዘን አንድ አንድ ሰው ገመድ ይዞ ሕዝቡን ያርቅ። ከካሶኔው ላይ የሚቆሙ ሕፃናት ካሉ ስፖንዳው (የካሶኔው የጎን ግድግዳ) አይውረድ፣ ከስፖንዳው በላይ የሚይዙት ዘንግ ይኑር፣ ጠርዝ ላይ መቀመጥ የለም።

ደመራው ሲለኮስ መኪናው ነፋሱ ጢሱን በማይወስድበት በኩል፣ ቢያንስ 50 ሜትር ርቆ ይቁም፣ አፍንጫው ወደ መውጫው ዞሮ። ሁለት እሳት ማጥፊያ፣ አንዱ ጋቢና ውስጥ፣ አንዱ ካሶኔ ላይ።

የሰንበት ተማሪ ደሴ

እግዚአብሔር ያክብርልን፣ ማኅበሩ ተሰብስቦ አይቶታል። የቀኑን ክፍፍል እንዲህ አድርገነዋል፤ የጎደለውን አርሙልን።

መስከረም 13፦ ብረቱ፣ ኮምፔንሳቶው፣ የመንገዱ ፍተሻ። 8 ሰው።
መስከረም 14፦ ደረቁ ሥራ ሁሉ፦ ፊደል፣ የአምባው ቅርፊት፣ የዶሮ ሽቦው። 20 ሰው። ጽጌረዳው ከደረሰ 4 ሰው ለውሃው።
መስከረም 15፦ ጠዋት 12 ሰው አደይ ለቀማ፣ 8 ሰው ጽድና ኮባ። ከሰዓት ሁሉም ቀሚሱን ማልበስ። ማታ ስፖንጁን ማጠጣትና ጽጌረዳውን መሰካት፣ 40 ሰው።
መስከረም 16፦ ጠዋት ማጠናቀቂያ።

አበባ አራዳ

ማታ 40 ሰው መስቀሉ ላይ አይሆንም። ሁለት ሜትር መስቀል አጠገብ ከ8 ሰው በላይ ከቆመ የተሰካውን እየነካኩ ይሰብሩታል። መሰካቱን በጥሩ እጅ ለአንድ ግንድ 1 ደቂቃ አስቢ፤ 580 ደቂቃ ለ8 ሰው ሲካፈል አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። የቀሩት እሾህ ያንሡ፣ ግንድ 8 ሳንቲ ሜትር አድርገው ይቁረጡ፣ በባልዲ ያቀብሉ። አንድ ጊዜ የተሰካ ጽጌረዳ ተነቅሎ እዚያው ቀዳዳ አይመለስም፤ ቀዳዳው ሰፍቶ ውሃ አይደርሰውም። ሲሰካ ከአናት ወደ ታች፣ ከመሀል ወደ ጠርዝ።

አደዩን የሚያስሩት ደግሞ 8 ይበቃሉ፣ አንድ እስር 2 ደቂቃ ቢፈጅ 240ውን በ1 ሰዓት ይጨርሱታል። አደይ ግን 15 ማታ ታስሮ በባልዲ ይደር እንጂ መኪናው ላይ አይውጣ። 16 ጠዋት ከ12 ሰዓት ጀምሮ በመጨረሻ የሚወጣው እሱ ነው። እስሮቹ የሚገቡት በግማሽ የተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ነው፤ ባለ ግማሽ ሊትሩ 6 እስር ይይዛል። 40 ሃይላንድ ሰብስቡ፣ ከንፈሩን በሁለት በኩል ብሱትና በሽቦ ከቀሚሱ ጀርባ እሰሩት፣ ሁለት ሦስተኛው ውሃ ይሁን። እስከ አፉ ከሞላ መኪናው ሲነቃነቅ ይፈስሳል።

የሰንበት ተማሪ ደሴ

ተስተካክሏል። መቀስ 15፣ ባልዲ 20 አለን። ይበቃል?

አበባ አራዳ

ባልዲው አይበቃም። አደዩ ብቻ 12 ይይዛል፣ 32 እስር ጽጌረዳ ደግሞ በባልዲ 3 እስር ከሆነ 11፣ ስፖንጅ ማጥለቂያ 4። አናቱ የተቆረጠ ጀሪካን በየቤቱ አለ፣ እሱን ሰብስቡ፤ ዘይት ወይም ጋዝ የነበረበት ግን አይሁን። የወፍራም ጨርቅ ጓንት 10 ጨምሩ፣ የጽጌረዳ እሾህ ላይ የሚሠሩትን ለመከላከል።

ብየዳ ኮምቦልቻ

ከሰልፉ በኋላ ያለው አልተነሣም። የማሰሪያ ሽቦ ቁርጥራጭ ከአበባው ጋር ተደባልቆ ሜዳ ላይ ከተጣለ ከብት ከኮባው ጋር ይውጠዋል፣ ሆዱ ውስጥ ገብቶ ልቡ ድረስ ይወጋዋል። ሽቦ ስትቆርጡ ቁራጩን ወዲያው ቆርቆሮ ውስጥ ጨምሩ። መጨረሻ ላይ መኪናው የቆመበትን ቦታ በገመድ የታሰረ የድምፅ ማጉያ ማግኔት እየጎተታችሁ ፈትሹ፤ የተበላሸ ድምፅ ማጉያ ከሬዲዮ ጠጋኝ ይገኛል፣ ካጣችሁ እኔ ጋ ሁለት አለ።

የአምባሰል ልጅ

ኮባውና ቄጤማው ማስቲሽ ያልነካው ከሆነ ለከብት ይሁን፣ የነካው አይሰጥ። ስፖንጁ ላስቲክ ነውና አይበሰብስም፣ ሲደርቅ ብን ብሎ ማሳ ውስጥ ይገባል፤ እርጥቡን እንዳለ በጆንያ አስራችሁ ወደ ቆሻሻ መድፊያ ይሂድ። ጽጌረዳው በማግስቱም ደህና ነው፣ ሥሩን ቆርጣችሁ ውሃ ውስጥ መልሱትና ሆስፒታል ለተኙት ውሰዱላቸው።

የሰንበት ተማሪ ደሴ

ማግኔቱን 13 ለብረቱ ስንመጣ እንወስዳለን ወንድማችን። መኪናውም ዛሬ ቀብድ ተከፍሎበታል።